«ባለ አሥር ማይክሮን ነው» ሲሉን

መርካቶ ሶማሌ ተራ ገብታችሁ ለአንድ ማሽን ፊልትሮ ብትጠይቁ ሻጩ ሁለት ዓይነት ያወጣላችኋል። አንዱ «ኦሪጂናል» ነው፣ ሌላው «ተመሳሳይ»። በዋጋ አይገናኙም። ልዩነታቸው ምንድን ነው ብትሉት ብዙም ሳይጨነቅ «ያው ናቸው፣ ሁለቱም ባለ አሥር ማይክሮን ናቸው» ይላችኋል። አልዋሸም፤ ካርቶኑ ላይ እንደዚያ ተጽፏል። ከዚህ በኋላ የሚመርጠው ኪስ ነው።

ነገሩ የጋራዥ ወሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሣንለት ነበር። ነገር ግን እኩዮቻችን ውኃ አሽገው በሚሸጡ ፋብሪካዎች፣ በቢራ ጠመቃ፣ በአበባ እርሻ፣ በመድኃኒት ፋብሪካና በኩላሊት እጥበት ክፍሎች ይሠራሉ። በእነዚህ ቤቶች ሁሉ አንድ ፈሳሽ በአንድ ማጣሪያ ውስጥ ያልፋል፤ የማጣሪያው ውስጠኛ ክፍል፣ ካርትሪጅ የሚሉት፣ ሲያረጅ ደግሞ አዲስ ይገዛል። ግዢ ክፍል ጠረጴዛ ላይ የሚቀርበው ወረቀት ብዙ ጊዜ የያዘው ሁለት ነገር ነው፤ የማይክሮን ቁጥርና ዋጋ። ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የራስ ፀጉራችን ውፍረት ሰባ ገደማ ይሆናል። ከአርባ በታች የሆነን ቅንጣት ዓይናችን ለይቶ ማየት ይቸግረዋል። ባክቴሪያ አንድ ገደማ ነው። እንግዲህ ሻጭና ገዢ የሚደራደሩት ሁለቱም ሊያዩት ስለማይችሉት ነገር ነው።

እና «አሥር» ስንባል ምን እየተባልን ነው? ከመቶው ስንቱን ነው የሚያስቀረው? ማን ቆጠረው? በምን ሞከረው? ጥያቄዎቹ የክፍል ፈተና ይመስላሉ እንጂ እያንዳንዳቸው የሆነ ቦታ ላይ በሰው ሕይወት ወይም በተበላ ብረት የተገዙ ናቸው። ከሁሉም ውድ ዋጋ የተከፈለው ሐምቡርግ ውስጥ ስለሆነ ከዚያ እንነሣ። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

*

ዘመኑ 1892 ነው። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ስድስት ዓመቷ ነው፤ አገራችን ከክፉ ቀን ገና ማገገሟ ነው። ሐምቡርግ ግን የጀርመን ትልቋ ወደብ፣ የራሷ ሴኔት ያላት፣ ከ600 ሺህ በላይ ሕዝብ የያዘች፣ ነጋዴዎችና የቤት ባለቤቶች የሚያስተዳድሯት ሀብታም ከተማ ነበረች። አጠገቧ አልቶና የምትባል ሌላ ከተማ አለች። የፕራሻ ግዛት ናት፤ ሕዝቧ የሐምቡርግን ሩብ ያህል ቢሆን ነው። ሁለቱን ከተሞች አንዳንድ ቦታ ላይ የሚለያቸው ተራ መንገድ ነው፤ በዚህ ወገን ያለው ቤት ሐምቡርግ፣ ፊት ለፊቱ ያለው አልቶና። የሚጠጡትም ከአንድ ወንዝ፣ ከኤልበ ነው።

አሁን እስቲ እናንተ ምረጡ። ሐምቡርግ ውኃዋን የምትቀዳው ከላይ፣ ወንዙ ወደ ከተማዋ ሳይገባ ነው። ከ1842ቱ ታላቅ ቃጠሎ በኋላ እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊልያም ሊንድሊ የዘረጋላት የቧንቧ መስመር በዘመኑ የሚያስቀና ነበር። ውኃው ገንዳ ውስጥ ጥቂት ይቆያል፤ እኛ ቡናውን ጀበናው ውስጥ እንደምናሰክነው ይሰክንና በቀጥታ ወደየቤቱ ይሄዳል። አልቶና ደግሞ የምትቀዳው ከታች፣ የሐምቡርግ ፍሳሽ ወንዙ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ማንም ጤነኛ ሰው የሐምቡርግን ውኃ ይመርጣል። ነገር ግን አልቶናዎች ውኃቸው ቆሻሻ መሆኑን ስለሚያውቁ ከ1859 ጀምሮ ብላንክነዘ በሚባል ስፍራ ባሠሩት ጣቢያ በአሸዋ ያጣሩት ነበር። ሐምቡርጎች ምንጫቸውን አምነው ማስከን በቂ ነው አሉ።

ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። ጄምስ ሲምፕሰን ለንደን ውስጥ ለቼልሲ የውኃ ኩባንያ ትልቅ የአሸዋ ማጣሪያ የሠራው በ1829 ነው። በራሷ በሐምቡርግ በ1885 ካርል ክሬፐሊን የተባለ የእንስሳት ሳይንስ ሊቅ በከተማዋ የውኃ ቧንቧ ውስጥ የሚኖሩትን ፍጥረታት መዝግቦ ጥናት አሳትሟል። ትሉም፣ ቀንድ አውጣውም፣ ስፖንጁም በየዓይነቱ ተገኝቷል፤ ቧንቧው የኖኅ መርከብ ሆኖ ነበር ማለት ይቻላል። ማጣሪያ ይሠራ የሚለው ሐሳብ ለዓመታት ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ተንከባለለ። ያዝ ያደረገው ሒሳቡን ማን ይክፈል የሚለው ጉዳይ ነው። የቤት ባለቤቶቹ በምክር ቤቱ ብዙ ወንበር ነበራቸው፤ ወጪው ደግሞ ወደ እነሱ ይመጣ ነበር። በ1890 በመጨረሻ ተወሰነ። ግንባታው እየተካሄደ ሳለ፣ ነሐሴ 1892 ላይ ኮሌራ ከች አለ።

ባለሥልጣናቱ በሽታውን በስሙ ለመጥራት ቀናት ፈጀባቸው። ለወደብ ከተማ «ኮሌራ» ብሎ መናገር መርከብ ማቆም ነውና። (በዚህ እንኳን የምንፈርድበት አፍ የለንም። ከ2006 ወዲህ አገራችን ውስጥ ሲመላለስ የነበረውን ወረርሽኝ በመግለጫ ላይ «አተት» ስንለው ኖረናል።) ሮበርት ኮኽ ከበርሊን ተልኮ ሲደርስ በሽታው ከተማውን አዳርሶታል። ኮኽ የድሆቹን ጠባብ ሰፈሮች ዞሮ ሲያይ አውሮፓ ውስጥ መሆኑን እንደረሳ መናገሩ ይታወሳል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሐምቡርግ ላይ ወደ 17 ሺህ ሰው ታመመ፤ ከ8 ሺህ 600 በላይ ሞተ። የከተማዋን ቆሻሻ ስትቀበል የኖረችው አልቶና ውስጥ የሞተው ጥቂት መቶ ሰው ነው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በሽታውን የያዙት ለሥራ ሐምቡርግ በሚሄዱበት ጊዜ ነበር።

ከሁሉም የሚያስደንቀው ድንበሩ ላይ የሆነው ነው። በሐምቡርግ በኩል፣ ነገር ግን ለመስመሩ ስለቀረበ ብቻ ውኃውን ከአልቶና የሚስብ አንድ የሠራተኞች መኖሪያ ግቢ ነበር። ብዙ መቶ ሰው የሚኖርበት ግቢ ነው። ኮሌራው ዙሪያውን ሲያጭድ ግቢውን ዘለለው። አየሩ ያው፣ አፈሩ ያው፣ ድህነቱ ያው፣ የተለየው ቧንቧው ብቻ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ሙኒክ ውስጥ የ73 ዓመቱ ሽማግሌ ማክስ ፎን ፔተንኮፈር፣ በሽታው በአፈሩ ሁኔታ እንጂ በውኃ ብቻ አይመጣም የሚለውን ክርክሩን ለማስረዳት የኮሌራ ባክቴሪያ ያለበት ብርጭቆ ጨልጦ በቀላል ተቅማጥ ተርፏል። ጉብዝናውን እናደንቃለን። ክርክሩን ግን ያ መንገድ ቀድሞ ዳኝቶታል።

*

እስካሁን ያወራነው «ማጣሪያ ጥሩ ነው» የሚል ተረት ይመስላል። ታሪኩ የሚጣፍጠው ማጣሪያው እንዴት እንደሠራ ሲጠየቅ ነው።

የኮሌራ ባክቴሪያ ወርዱ የማይክሮን ግማሽ፣ ርዝመቱ ሁለት ማይክሮን ገደማ ነው። በአሸዋ ጠጠሮች መካከል ያለው ክፍተት ከእሱ በብዙ አሥር እጥፍ ይሰፋል። እንደ ወንፊት ካሰብነው ባክቴሪያው በሰፊ በር ገብቶ በሰፊ በር መውጣት ነበረበት። ይሁንና የአሸዋው ገንዳ ሥራ ከጀመረ ከቀናት በኋላ ላዩ ላይ የሚያሟልጭ ቀጭን ሽፋን ይፈጠራል። ደለሉ፣ አልጌው፣ በውኃ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ፍጥረታት ተሸምነው የሚሠሩት ሽፋን ነው። ጀርመኖች ሽሙትስዴከ ይሉታል፣ የቆሻሻ ሽፋን እንደማለት። ባክቴሪያውን በዋናነት የሚይዘውና የሚበላው ይህ ሕያው ሽፋን ነው። እንግዲህ አዲስ የታጠበ አሸዋ ከቆሸሸው የባሰ ማጣሪያ ነው። ሽፋኑ ሲወፍር ውኃ አላሳልፍ ስለሚል መፋቅ አለበት፤ ከተፋቀ በኋላ ደግሞ እንደገና እስኪያቆጠቁጥ የመጀመሪያው ውኃ መደፋት አለበት። «ትናንት ፊልትሮ ስለቀየርን ዛሬ አንደኛ ነን» የሚለው እምነት ሁልጊዜ እንደማይሠራ የአልቶና ሠራተኞች ያኔ ያውቁ ነበር።

ቢያውቁም አላመለጡም። በ1893 መጀመሪያ፣ በክረምቱ ብርድ፣ ኮሌራው አልቶና ገባ። ያው ማጣሪያ፣ ያው አሸዋ፣ ያው ሠራተኛ። ኮኽ የጣቢያውን መዝገብ ሲመረምር ከማጣሪያዎቹ አንዱ ለጽዳት በተከፈተ ጊዜ ብርዱ አሸዋውን በረዶ እንዳደረገው፣ ከዚያም በተጣራው ውኃ ውስጥ የባክቴሪያው ቁጥር እንደጨመረ አየ። ከብዙ ገንዳዎች አንዱ ብቻ ነበር የተበላሸው። የሁሉም ውኃ ግን መጨረሻ ላይ ይቀላቀላል።

ለእኛ የዘመናዊ ማጣሪያ ታሪክ የሚጀምረው እዚህ መዝገብ ላይ ነው። ኮኽ ያወጣው ደንብ በየትኛው አሸዋ ይሠራ የሚል አልነበረም። የተጣራው ውኃ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ100 በላይ ባክቴሪያ አይኑረው፤ ውኃው በአሸዋው ውስጥ በሰዓት ከ100 ሚሊሜትር በላይ አይፍጠን፤ እያንዳንዱ ገንዳ ለብቻው በየቀኑ ይመርመር። ከዚያ ወዲህ ማጣሪያ የሚመዘነው ከምን እንደተሠራ በመንገር ሳይሆን ከእሱ የወጣውን በመቁጠር ሆነ። ፍጥነቱም ላይ ቆም በሉ። አንድን ማጣሪያ በእጥፍ ፍጥነት ብታስጋልቡት ሌላ ማጣሪያ ይሆናል። ዛሬም ካርትሪጅ ስንገዛ ብዙዎቻችን የምናየው ጥርሱ ከቧንቧችን ጋር መግጠሙን ነው፤ በሰዓት ስንት ሊትር ሲያልፍበት ነው ያ ቁጥር የሚሠራው የሚለው ትዝም አይለን።

ሐምቡርግ የራሷን ማጣሪያ ሥራ ያስጀመረችው ሜይ 1893 ላይ ነው።

*

ያው 1892 ሌላም ጉድ አለው። የፓስተር የሥራ ባልደረባ የነበረው ሻርል ሻምበርላን በ1884 ሻማ የመሰለ፣ ያልተለበጠ የሸክላ ማጣሪያ ሠርቶ ነበር፤ ባክቴሪያ የማያሳልፍ። ሩሲያዊው ዲሚትሪ ኢቫኖቭስኪ የታመመ የትምባሆ ቅጠል ጭማቂ በዚህ ማጣሪያ ቢያሳልፍ የወጣው ንጹሕ ጭማቂ ጤነኛውን ተክል አሳመመ። መርዝ ይሆን? ወይስ በጣም ያነሰ ባክቴሪያ? በ1898 ሆላንዳዊው ማርቲኑስ ባይሪንክ ሙከራውን ደግሞ ይህ ከባክቴሪያ የተለየ ነገር ነው አለ። ቫይረስ ለዓለም የተዋወቀው «በማጣሪያ የሚያልፍ» በሚል ቅጽል ነው። ማጣሪያው ምንም ጉድለት አልነበረበትም፤ የተሠራው ለሌላ ጠላት ነበር።

ሸክላው በቀጭን ስስ ሽፋን እየተተካ የሄደው በሃያኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ1925 በኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለመው ሪቻርድ ዚግሞንዲ ጎቲንገን ውስጥ ከናይትሮሴሉሎስ የማጣሪያ ሽፋን ሠራ፤ ሳርቶሪየስ የተባለው ኩባንያ ለገበያ አቀረበው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በቦምብ በፈራረሰችው በዚያችው በሐምቡርግ፣ ገርትሩድ ሙለር ይህን ሽፋን ተጠቅማ በመጠጥ ውኃ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ የመፈለጊያ ዘዴ አሳተመች። ዘዴው አሜሪካ ተሻገረ፤ ሚሊፖር የተባለው ኩባንያም በ1954 ተመሠረተ። በእነዚያ ዓመታት መርፌ መድኃኒትን ከባክቴሪያ ለማንጻት የሚበቃው ቁጥር 0.45 ማይክሮን ነው የሚል ስምምነት ነበር። ባክቴሪያ ከዚያ አያንስም ተብሎ።

በ1960 በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት የምትሠራው ፍራንሲስ ቦውማን በ0.45 ተጣርቶ ንጹሕ ነው በተባለ የባክቴሪያ ማብቀያ ፈሳሽ ውስጥ አንድ ትንሽ ባክቴሪያ ሲራባ አገኘች። ዛሬ ብሬቨንዲሞናስ ዲሚኑታ ትባላለች፤ ዲሚኑታ ላቲኖች «አንሳ የተገኘች» የሚሉት ዓይነት ቃል ነው። ምግብ ሲጎድልባት ወርዷ 0.3 እና 0.4 ማይክሮን መካከል ይሆናል። ከዚያ በኋላ ባክቴሪያ የሚያጠፋው ማጣሪያ 0.2 ሆነ።

እዚህ ላይ የሚገርመው ቁጥሩ ከ0.45 ወደ 0.2 መውረዱ አይደለም። የቁጥሩ ትርጉም ተለወጠ። ባለ 0.2 የሚባለውን የመድኃኒት ማጣሪያ ማንም በማስመሪያ ለክቶ ቀዳዳዎቹ ሁሉ 0.2 ናቸው ብሎ አልመሰከረም። ፈተናው ሌላ ነው። በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲሜትር ላይ ቢያንስ አሥር ሚሊዮን ዲሚኑታ ይለቀቅበታል፤ በወዲያኛው በኩል አንዲት እንኳ መብቀል የለባትም። 0.2 የዚህ ፈተና የምስክር ወረቀት ስም ነው። ስለዚህ ይህን ፈተና ሳይፈተን ካርቶኑ ላይ 0.2 ተብሎ የተጻፈበትም ማጣሪያ ገበያ ላይ ይኖራል፤ ለውኃ ማለስለሻ ቤት ይሆናል፣ ለመርፌ ግን አይሆንም።

ባክቴሪያ የተለቀቀበት ማጣሪያ ደግሞ ተመልሶ ለሥራ አይውልም። ታዲያ እኔ ዘንድ የደረሰው ደኅና መሆኑን በምን አውቃለሁ? እርጥብ ነጠላ አፋችሁ ላይ አድርጋችሁ እፍ በሉ፤ ከደረቁ ይልቅ ያስቸግራል። ውኃው ቀዳዳውን ይዞታልና። ቀዳዳው በጠበበ ቁጥር አየሩን ለማስወጣት የሚያስፈልገው ግፊት ይጨምራል። የመድኃኒት ፋብሪካዎች ማጣሪያውን አርሰው በአየር ይገፉታል፤ አረፋው ከተጻፈው ግፊት በታች ከወጣ የሆነ ቦታ ተቀዷል ማለት ነው፤ ያ ሁሉ ምርት ይቆማል። የአልቶናውን በረዶ የመታው ገንዳ ያኔ እንዲህ የሚያጋልጠው ቢኖር ኖሮ እንላለን።

*

ወደ ሶማሌ ተራው ፊልትሮ እንምጣ። በ1923 ኧርነስት ስዊትላንድና ጆርጅ ግሪንሃልግ አሜሪካ ውስጥ ለመኪና ሞተር የዘይት ማጣሪያ ሠርተው ፑሮሌተር አሉት፤ «ንጹሕ ዘይት በኋላ» የሚለውን እንግሊዝኛ አሳጥረው። በዘይት የሚገፋ ሃይድሮሊክ ማሽን እየተስፋፋ ሲመጣ ጥያቄው ጠና። በፓምፕ ውስጥ በሁለት ብረቶች መካከል ያለው ክፍተት ጥቂት ማይክሮን ነው። ትልቁ ጠጠር ወደዚያ አይገባም፤ በጣም ደቃቁ ሳይነካ ያልፋል፤ ብረቱን የሚፍቀው ልክ የክፍተቱን ያህል የሆነው ነው። ስለዚህ «ቆሻሻ ያስቀራል» ማለት ብቻውን ምንም አይነግርም፤ የትኛውን?

አምራቾች ለዚህ ሁለት መልስ ነበራቸው። አንዱ «ኖሚናል» ነው፤ ከተባለው መጠን የተወሰነውን ያህል ያስቀራል፣ የተወሰነው ስንት እንደሆነ አምራቹ ያውቃል። ሁለተኛው «አብሶሉት» ነው፤ በማጣሪያው ሊያልፍ የሚችለው ትልቁ ጠጣር ክብ ቅንጣት መጠን። ይኼኛው የሚያስከብር ስም ነው። ግን አቧራ ክብ አይደለም። እንደ መርፌ የቀጠነ የብረት ፍቅፋቂ በቁመቱ ሾልኮ ይሄዳል።

ነገሩን ፈር ያስያዙት በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኧርነስት ፊች የሚመሩት ተመራማሪዎች ናቸው። ዘይቱ ክቡን እየዞረ፣ አቧራ ያለማቋረጥ እየተጨመረበት፣ ከማጣሪያው በፊትና በኋላ ያሉት ቅንጣቶች ይቆጠራሉ። የፊተኛው ለኋለኛው ተካፍሎ የሚገኘው ቁጥር ቤታ ይባላል። ሒሳቡ ቀላል ነው። ከማጣሪያው በፊት ከአሥር ማይክሮን የሚበልጡ 10,000 ቅንጣቶች አሉ እንበል። ቤታው 2 የሆነ ማጣሪያ 5,000ውን ያሳልፋል። ቤታው 75 የሆነው 133 ገደማ ያሳልፋል። ቤታው 1,000 የሆነው አሥር ብቻ። ሦስቱም ካርቶን ላይ «10 ማይክሮን» ሊባል ይችላል። አንዱ ግማሹን ቆሻሻ ወደ ፓምፑ የሚያስገባ፣ ሌላው ከሺህ አንዱን። ያ ሻጭ ሁለቱም አሥር ናቸው ሲል አልዋሸም ያልነው ለዚህ ነው። ያልተጠየቀውን ነው ያልተናገረው።

የአቧራው ታሪክ ደግሞ ለብቻው ያስቃል። ለሙከራ የሚውለው አቧራ ከአሪዞና በረሃ የሚዛቅ ነበር፤ የጄኔራል ሞተርስ ክፍል የሆነው ኤሲ ነፍቶ ይሸጠው ነበር። የዓለም ፊልትሮ ሁሉ የሚመዘነው በአሪዞና አቧራ ነበር ማለት ነው። በ1992 ምርቱ ቆመ። ሌላ አቧራ ሲዘጋጅና ቆጣሪ መሣሪያዎቹ እንደገና ሲመሳከሩ አሮጌው ልኬት ለካ ትክክል አልነበረም። በ1999 አዲስ ደረጃ ወጣ፤ ቀድሞ 5 ማይክሮን ይባል የነበረው 6.4 ሆነ፣ 10 የነበረው 9.8፣ 15 የነበረው 13.6። አዲሱ ማይክሮን ከጎኑ «ሲ» የምትል ፊደል ታደርግለታለች፤ የሙከራውም ደረጃ አይ.ኤስ.ኦ 4572 መሆኑ ቀርቶ አይ.ኤስ.ኦ 16889 ሆነ። ማሽን ያረጀበት ቤት ውስጥ ያለ ማኑዋል በአሮጌው ማይክሮን እየተናገረ፣ ካርትሪጁ በአዲሱ እየተናገረ ሊገናኙ ይችላሉ። የማይገባቡ ባልና ሚስት በሉት።

አንድ ነገር ሳንናገር እንዳናልፍ። በሞተር ፊልትሮ ውስጥ ባይፓስ የሚባል ትንሽ ቫልቭ አለ። ማጣሪያው ሲደፈን ወይም ጠዋት ዘይቱ በብርድ ሲወፍር ቫልቩ ይከፈትና ዘይቱ ሳይጣራ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። ትክክለኛ ሥራ ነው፤ ሞተር ያለ ዘይት ከሚደርቅ ቆሻሻ ዘይት ቢጠጣ ይሻለዋል። ጣጣው ይህ ሁሉ ያለ ድምፅ መሆኑ ነው። ሰባት ወር ሳይቀየር የከረመ ባለ ቤታ 1,000 ማጣሪያ ቫልቩ ተከፍቶ ከሆነ ቤታው አንድ ነው፤ የገባው ሁሉ ይወጣል። ስለዚህ የግፊት ልዩነት የሚያሳይ ጌጅ የሌለውን ውድ ማጣሪያ ጌጅ ካለው መካከለኛ ማጣሪያ አናስበልጥም። በመጠጥ ውኃና በመድኃኒት መስመር ላይ ግን ባይፓስ የሚባል ነገር ቦታ የለውም፤ እዚያ ማጣሪያው ሲደፈን መስመሩ ይቁም።

*

የቀረን አንድ ጥያቄ ነው፤ ከሁሉም የሚረሳው እሱ ነው። ማጣሪያው ከፈሳሹ የሚያወጣውን ጠየቅን። ወደ ፈሳሹ የሚጨምረውስ?

በጀርመን ባድ ክሮይትስናኽ የሚገኘው የዛይትስ ኩባንያ ከሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ ከሴሉሎስና ከአስቤስቶስ የተሠራ የማጣሪያ ሉህ ይሸጥ ነበር። ወይን ጠጅ፣ ቢራ፣ የፍራፍሬ ጭማቂ፣ ለመርፌ የሚሆን መድኃኒት ሁሉ ይጣራበት ነበር። ሥራውን አሳምሮ ይሠራል። የአስቤስቶሱ ክር ኤሌክትሪካዊ ቻርጁ ከባክቴሪያው ተቃራኒ ስለሆነ ከቀዳዳው የሚያንሰውን እንኳ ስቦ ይይዛል። በማይክሮን ብትመዝኑት፣ በባክቴሪያ ብትፈትኑት ያልፋል። በዘመኑ በየትኛውም መዝገብ ላይ የመጀመሪያ ምርጫ የሚሆን ማጣሪያ ነበር። ክሮቹ ግን እየተነቀሉ ወደ ፈሳሹ ይገቡ ነበር። የአሜሪካ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በመርፌ በሚሰጥ መድኃኒት ላይ አስቤስቶስ ማጣሪያን መገደብ የጀመረው በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው።

ይህን ስናነብ ነው «ተመሳሳይ» የተባለውን ካርትሪጅ ከምን እንደተሠራ መጠየቅ ቅንጦት እንዳልሆነ የገባን። ሙጫው በሙቅ ውኃ ይቀልጣል ወይ? ወረቀቱ በአልኮል ያብጣል ወይ? ጎማ ቀለበቱ ዘይቱን ይችለዋል ወይ? ሻጩ የማያውቅ ከሆነ አምራቹ ወረቀት አለው፤ ወረቀት ከሌለው ያም ራሱ መልስ ነው።

የአስቤስቶስ ማጣሪያ በጣም የታወቀው ግን በፋብሪካ መስመር ላይ አልነበረም። ኬንት የተባለው የአሜሪካ ሲጋራ ከ1952 እስከ 1956 ጫፉ ላይ ባለው ማጣሪያ ውስጥ ሰማያዊ አስቤስቶስ ነበረበት። የተሸጠው ለጤናቸው ለሚያስቡ አጫሾች ነው፤ ከሌሎቹ ይልቅ ያጣራል ተብሎ። ማጣሪያውን በሚያመርተው የማሳቹሴትስ ፋብሪካ በ1953 የሠሩ 33 ወንዶችን ተመራማሪዎች ተከታትለው ውጤቱን በ1989 ሲያሳትሙ 28ቱ ሞተው ነበር። በዕድሜያቸው ይጠበቅ የነበረው ስምንት ገደማ ነው።